የቴክኖሎጂ ጋዜጠኛ ኪስ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ የጥቅም ግጭት ስህተቶች

የጥቅም ግጭት ሲባል ብዙ ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚመጣበት ገንዘብ ተቀብሎ የሚያሞግስ ጋዜጠኛ ነው። እንዲህ ዓይነቱ አለ፤ ግን አድማጭ ቶሎ ይነቃበታል፣ ውዳሴው ራሱ ያጋልጠዋል። አስቸጋሪው አንድም የሐሰት ቃል ሳይወጣው መጠየቅ ያለበትን ሳይጠይቅ የሚያልፈው ነው። በሐዋሳ የሬዲዮ ዝግጅቶችን ጽሑፍ ሳርም ያየሁት ጉዳት ሁሉ ማለት ይቻላል ያልተባለ ነገር ነበር፦ ኔትወርክ ጠፍቶ ሲውል ለማብራሪያ ያልተደወለ ስልክ፣ የአገልግሎት ክፍያ ሲጨምር ያልተሠራ ዜና፣ ከአድማጭ መጥቶ መሳቢያ ውስጥ የቀረ አቤቱታ። ባልተሠራ ዜና ደግሞ ማንም ሰው ተጠይቆ አያውቅም።

ሐዋሳ ትልቅ ከተማ ሆናለች፤ ስለ ቴክኖሎጂ የሚናገሩባት ሰዎች ክበብ ግን አሁንም ጠባብ ነው። ስልክ ነጋዴው፣ የሶፍትዌር ባለሙያው፣ የዩኒቨርሲቲው መምህርና ስለ ሦስቱም የሚዘግበው ሰው በአንድ ዕድር ወይም በአንድ ዕቁብ ይገናኛሉ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቅ ዳር በአንድ ጠረጴዛ ዓሣ ይበላሉ። ይህ እንዲቀር የሚመኝ ካለ እኔ አይደለሁም። ግን እያንዳንዱ ግንኙነት የትኛውን ጥያቄ እንደሚያስውጠን ማወቅ አለብን።

«ያለኝ አክሲዮን ትንሽ ነው»

ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የኩባንያውን 10 በመቶ ድርሻ ለኢትዮጵያውያን ለሽያጭ ሲያቀርብ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ ደግሞ 33 አክሲዮን ነበር። 9,900 ብር ያለው ሰው አቶቴ ቤቱ ተቀምጦ በቴሌብር ባለድርሻ መሆን ይችል ነበር። ሽያጩ በየካቲት ሲዘጋ ከቀረቡት 100 ሚሊዮን አክሲዮኖች 10.7 ሚሊዮን ያህሉ ተሽጠው 47,377 ሰዎች ባለአክሲዮን ሆነዋል። ከእነዚህ መካከል ጋዜጠኛ የለም ብሎ የሚያስብ የዋህ ነው። የገዙትም ጥፋት አልሠሩም፤ ጋዜጠኛም ይቆጥባል፣ ልጅ ያስተምራል።

ስህተቱ የሚጀምረው ባለ 33 አክሲዮኑ ዘጋቢ ለማንም ሳይናገር የቴሌኮም ዘርፉን ይዞ ሲቀጥል ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ፤ በነሐሴ 2015 ደግሞ ኤምፔሳ መጣ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጥቅል ዋጋ፣ ስለ ኔትወርክ ሽፋን ወይም በስልክ ገንዘብ ስለ መላክ የሚሠራ ማንኛውም ንጽጽር የዘጋቢውን ገንዘብ ይነካል። «በ9,900 ብር ፍርዴ ይዛባል እንዴ?» ይላሉ። ምናልባት አይዛባም። ነገር ግን አድማጩ ይህን የሚያጣራበት መንገድ የለውም። ደግሞም የድርሻው ትንሽነት ክርክሩን ይገለብጠዋል፦ ትንሽ ከሆነ መተው አይከብድም፤ ከከበደ ትንሽ አልነበረም ማለት ነው። አክሲዮኑን ወዲያው መሸጥ ባይቻል እንኳ ዘገባውን ለባልደረባ ማስተላለፍ ይቻላል።

የኒው ዮርክ ታይምስ የሥነ ምግባር መመሪያ በዚህ ላይ አይደራደርም። ዘጋቢው በሚሸፍነው ኩባንያ ወይም ዘርፍ ውስጥ አክሲዮን እንዳይኖረው ይከለክላል፤ ብዙ ኩባንያዎችን በአንድነት የያዙ ፈንዶችን ግን ይፈቅዳል። እኛ አገር ቁጠባን የሚበትኑበት መንገድ ጥቂት ስለሆነ ደንቡን እንዳለ መገልበጥ ይከብዳል። የባንክ አክሲዮን ያለው የመካከለኛ ገቢ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ባንክ ማለት መተግበሪያ፣ ዲጂታል ብድርና የሳይበር ደኅንነት ማለት ሆኗል። አባቱ ከዓመታት በፊት የገዙለት የባንክ አክሲዮን ያለው ዘጋቢ ስለዚያ ባንክ መተግበሪያ ብልሽት ሲጽፍ አክሲዮኑ ትዝ አይለው ይሆናል። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ የትርፍ ድርሻ በሚከፈልበት ሰሞን፣ እያንዳንዱ ዘጋቢ ያለውን ድርሻ ጽፎ ለዋና አዘጋጁ ቢሰጥ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ዝርዝሩ ለሕዝብ መውጣት የለበትም፤ ጽሑፉን የሚያርመው ሰው ግን ሊያውቀው ይገባል።

«የጻፍኩት እውነት ነው፤ ታዲያ ምን ጥፋት አለው?»

ከዚህ መከራከሪያ ጋር የሚቀራረብ ጉዳይ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ፎስተር ዋይናንስ በዎል ስትሪት ጆርናል ስለ አክሲዮን ገበያ የሚጽፍ ዓምደኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 መጨረሻ ገደማ ጀምሮ፣ ዓምዱ ከመታተሙ በፊት ስለየትኛው ኩባንያ እንደሚጽፍ ለአንድ ደላላ ይነግረው ጀመር፤ ደላላውም ቀድሞ ይገዛና ይሸጥ ነበር። ትርፉ 690,000 ዶላር ገደማ ደረሰ፤ ለዋይናንስ ወገን የተከፈለው ግን 31,000 ዶላር ያህል ብቻ ነው። ርካሽ ሽያጭ ነበር። የጉዳዩ ልዩ ነገር ሌላ ነው፦ የጽሑፎቹ ይዘት ለዚህ ትርፍ ሲባል ተለውጧል የሚል ግኝት አልነበረም። ዓምዱ ያው ዓምድ ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1987 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የማጭበርበር ጥፋተኝነቱን አጸና። ያልታተመው ዜና የጋዜጣው ንብረት ነው፤ ዓምደኛው ለግል ጥቅሙ የሚያውለው አይደለም።

የእንግሊዞቹ ጉዳይ ለእኛ ዘርፍ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2000 የዴይሊ ሚረር ሁለት ዓምደኞች፣ ቪግለን የተባለውን የኮምፒውተር ኩባንያ ጨምሮ፣ አክሲዮን ቀድመው እየገዙ ከዚያ በዓምዳቸው አንባቢውን «ግዙ» ይሉ እንደነበር ታወቀ። ከሁለቱ አንዱ ጄምስ ሂፕዌል እ.ኤ.አ. በ2006 የ6 ወር እስራት ተፈረደበት። የብሪታንያ አዘጋጆች የሥነ ምግባር ደንብ በዚህ ረገድ ግልጽ ነው፤ በእኛ የዜና ክፍል ግድግዳም ቢለጠፍ ደስ ይለኛል። ከመታተሙ በፊት በእጅህ የገባን የገንዘብ ነክ መረጃ ለራስህ ትርፍ አታውል። አንተ ወይም የቅርብ ቤተሰብህ ጉልህ ጥቅም ስላላችሁበት አክሲዮን ለአዘጋጁ ሳታሳውቅ አትጻፍ። በቅርቡ ስለጻፍክበት ወይም ልትጽፍበት ስላሰብከው አክሲዮን አትገበያይ።

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ደግሞ ለሕዝብ ባልተገለጸ መረጃ መገበያየትን ይከለክላል። ስለዚህ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ግን በሐዋሳ የማየው ስሪት ከአክሲዮን ጋር ግንኙነት የለውም። ዘጋቢው ለነገ በተያዘ መግለጫ ላይ የአንድ ዕቃ ዋጋ ሊጨምር መሆኑን ዛሬ ይሰማል፤ ከአዳራሹ ወጥቶ ስልክ ለሚነግደው ወንድሙ ይደውላል። ወንድምየው ያለውን ዕቃ ሳይሸጥ ያቆየዋል። ዜናው በማግስቱ እንከን የለሽ ሆኖ ይነበባል። በአሠራሩ ይህ ከዋይናንስ በምን ይለያል?

የአየር ሰዓት ገዝቶ ራስን መርሳት

ከሁሉም የሚበልጠው የእኛ ችግር ይህ ነው፤ የውጭ መመሪያዎችም ብዙ አይረዱንም። በአገራችን ሬዲዮ የቴክኖሎጂ ዝግጅት ብዙውን ጊዜ የሚቆመው አዘጋጁ ከጣቢያው የአየር ሰዓት ገዝቶ፣ ስፖንሰር ፈልጎ፣ ከማስታወቂያ በሚያገኘው ገንዘብ የጣቢያውን ክፍያ ሸፍኖ ነው። ጠዋት የስፖንሰርሺፕ ደብዳቤ ይዞ ከፒያሳ እስከ መናኸሪያ ሱቅ ለሱቅ የዞረው ሰው ማታ ማይክሮፎን ፊት ይቀመጥና ገለልተኛ ባለሙያ ይሆናል። ያው ሰው ነው። የወሩ ክፍያ ስምንት ቀን ሲቀረው ምን እንደሚሰማው የሠራበት ያውቀዋል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያሉ ባልደረቦቼን ለመውቀስ አይደለም የማነሣው። ብዙዎቹ ከራሳቸው ኪስ ጨምረው የሚሠሩ፣ ያለ እነርሱ ስለ ኮምፒውተር ቫይረስ ወይም ስለ ማጭበርበሪያ መልእክቶች በአማርኛ የሚያስረዳ ሰው የማይኖር ናቸው። ሆኖም ጉዳቱ የት ላይ እንደሚታይ እንመልከት። አድማጭ ይደውላል፤ «አዲስ ነው ተብሎ የተሸጠልኝ ስልክ ታድሶ የታሸገ ሆኖ አገኘሁት፤ ሱቁም አልመልስም አለኝ» ይላል። የሱቁን ስም ሊጠራ ሲል መስመሩ ይቋረጣል። ሱቁ የዝግጅቱ ስፖንሰር ነው። አዘጋጁ አልዋሸም፤ ማንንም አላሞገሰም። በዚያ ሳምንት ግን ከተማው ውስጥ ለስልክ ገዢ ከሁሉ የሚጠቅመው መረጃ ሳይነገር ቀረ።

ሌላው መልኩ «የሦስት ወር ማስታወቂያ ለያዘ ቃለ መጠይቅ በነጻ» ብሎ መሸጥ ነው። ቃለ መጠይቁ የማስታወቂያው ምርቃት ሆነ ማለት ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት በግልጽ ተለይቶ እንዲቀርብ ያዛል፤ ምርቃቱ ግን እንደ ዜና ይተላለፋል። እንግዳውም የከፈለበትን ወንበር ያውቃል፤ ከባድ ጥያቄ ሲመጣበት ከልቡ ይገረማል። መገረሙ ትክክል ነው፤ ሲዋዋል ማንም ጥያቄ ይኖራል አላለውም።

ምን ይደረግ? ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ መፍትሔዎች አሉ። ማስታወቂያ የሚያመጣው ሰው ሌላ ይሁን፤ የሚቻል ከሆነ የሁለት ዝግጅቶች አዘጋጆች ተባብረው አንድ ሰው በኮሚሽን ይቅጠሩ። ካልተቻለ ውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ ይግባ፦ ስፖንሰርነት በዝግጅቱ ይዘት ላይ መብት አይሰጥም፣ ስፖንሰሩን የሚመለከት ቅሬታ ሲመጣም ይስተናገዳል። ይህን አንቀጽ የሚፈራ ስፖንሰር አለ፤ መፍራቱ በጊዜ መታወቁ ጥሩ ነው። ስፖንሰሩ ውሉ በሚጸናበት ጊዜ የዝግጅቱ እንግዳ አይሁን፤ መሆን ካለበትም ከጥያቄው በፊት «እንግዳችን የዝግጅታችን ስፖንሰር ናቸው» ይባል። በመጨረሻም ከአንድ ስፖንሰር የሚመጣ ገንዘብ ከጠቅላላው ገቢ እንዳይበዛ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንድ ድርጅት ግማሽ ወጪያችሁን ከሸፈነ ዝግጅቱ የእርሱ ነው፤ እናንተ ድምፅ ብቻ ናችሁ።

ፖስታው እና ስልኩ

የምርት ማስተዋወቂያ በሐይቁ ዳር ሆቴል ይዘጋጃል። ከአዲስ አበባ የሚመጡት ጋዜጠኞች 275 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ መጥተው፣ አድረው፣ ቁርስና ምሳ በልተው ይመለሳሉ። የሐዋሳዎቹ በባጃጅ ይመጣሉ፤ ሲወጡም «የትራንስፖርት» ተብሎ ፖስታ ይሰጣቸዋል። በዚያ ገንዘብ በባጃጅ ሞያሌ የሚደረስ ይመስለኛል። ደመወዙ ዝቅተኛ የሆነ ዘጋቢ ይህን መቀበሉን እንደ ሌብነት አላየውም፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል በሚባልበት አገር ውሎ አበል እንደ መብት መቆጠሩም አያስገርምም። ግን ፖስታውን የሚሰጠው ድርጅት ወጪውን በየትኛው ሒሳብ እንደሚመዘግበው አስቡ። ማስታወቂያ ብሎ ነው የሚመዘግበው። ጣቢያው የዘጋቢውን የጉዞ ወጪ ራሱ ቢከፍል፣ ወይም ቢያንስ ፖስታ የሚታደልበት ዝግጅት ላይ የሚሄደው ሰው በየጊዜው ቢቀያየር፣ ልማዱ ቀስ በቀስ ይሰበራል።

ስለ ስልኩ ደግሞ አሠራሩ ቀላል ነው፦ ለመፈተሽ የመጣ ዕቃ ይመለሳል። ለዓመታት በዎል ስትሪት ጆርናል ስለ ቴክኖሎጂ የጻፈው ዋልት ሞስበርግ በሥነ ምግባር መግለጫው የሚፈትሻቸውን ዕቃዎች እንደሚመልስ፣ ከሚጽፍባቸው ኩባንያዎች ገንዘብ እንደማይቀበልና አክሲዮናቸውም እንደሌለው በግልጽ አስፍሯል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን መመሪያ ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በነጻ ዕቃ ተቀብሎ የሚያስተዋውቅ ሰው ያንን ግንኙነት እንዲናገር ይጠይቃል። «ለፍተሻ ነው፤ ግን ሳትመልሱት ተጠቀሙበት» የሚል መልእክት ከደረሳችሁ ደረሰኝ አሠርታችሁ መልሱት፤ ደረሰኙንም ያዙት። እስካሁን ካየኋቸው የስልክ ፍተሻዎች ስለ ጥገና ቦታ፣ ስለ መለዋወጫ ዋጋና ከዓመት በኋላ ስለሚኖረው የባትሪ ሁኔታ የጠየቀ ስጦታ ከተቀበሉት መካከል አንድም አላገኘሁም። የካሜራውን ጥራት ግን ሁሉም ይነግሩናል።

«ባለቤቴ እዚያ ብትሠራስ? እኔ አልሠራ!»

ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ እንዲሉ የጥቅም ግጭት አብዛኛውን ጊዜ በቤት በር ይገባል። እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ጥቅምን በራስ ስም ባለ ሒሳብ ብቻ መለካት ነው። ካራ ስዊሸር የምትባለዋ ታዋቂ የቴክኖሎጂ ጋዜጠኛ የያኔዋ የትዳር አጋሯ በጉግል በከፍተኛ ኃላፊነት ትሠራ ስለነበር ይህንን በሥነ ምግባር መግለጫዋ ዘርዝራ ጽፋ ነበር፤ አንባቢ ስለ ጉግል የጻፈችውን ከዚያ ጋር አመሳክሮ መፍረድ ይችል ነበር። በእኛ ከተማ ከትዳር አጋር ይበልጥ የሚረሳው ዕቁብ ነው። የዕቁቡ ሰብሳቢ የኮምፒውተር አስመጪ ከሆነ፣ ዕጣችሁም ገና ካልወጣ፣ ስለ አስመጪው ያልተጣራ ወሬ ሲመጣ እግራችሁ መጎተቱ አይቀርም። ለአዘጋጁ መንገር በቂ ነው፤ ዕቁቡን ትታችሁ ውጡ የሚል ሰው ሐዋሳን አያውቃትም።

መድረክ መምራት

ይህ አጭር ነው። ጋዜጠኛ የአንድን ኩባንያ የምረቃ ዝግጅት በክፍያ ሲመራ፣ ጭብጨባ ሲጠይቅ፣ የሥራ አስኪያጁን ስም በማዕረግ ሲጠራ የታየ ከሆነ ስለዚያ ኩባንያ ለረጅም ጊዜ መዘገብ የለበትም። ለሠራተኞቹ «ከመገናኛ ብዙኃን ጋር እንዴት እንነጋገር» የሚል ሥልጠና በክፍያ የሰጠም እንዲሁ። ድምፁ የሚያምር ሰው በዚህ ሥራ ከደመወዙ የበለጠ ሊያገኝ ይችላል፤ ያግኝ። ሁለቱን በአንድ ላይ ግን አይያዝ።

«ተናግሬያለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?»

ማሳወቅ የሁሉም መድኃኒት ተደርጎ መወሰዱ በተለይ በተማሩት ዘንድ የተለመደ ስህተት ነው። ማይክል አሪንግተን ቴክክራንች የተባለውን የቴክኖሎጂ ዜና ድረ ገጽ መሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 ለኢንተርኔት ኩባንያው ኤኦኤል ሸጠው። በ2011 ደግሞ በጀማሪ ኩባንያዎች ላይ ገንዘብ የሚያፈስ 20 ሚሊዮን ዶላር ያህል ያለው ፈንድ ማቋቋሙን አሳወቀ፤ ግማሹን ያህል ያዋጣው ኤኦኤል ራሱ ነበር። የተደበቀ ነገር አልነበረም። ክርክሩ የተነሣው በዚያው በግልጽነቱ ላይ ነው፦ ድረ ገጹ በየዕለቱ በሚዘግብባቸው ኩባንያዎች ላይ መሥራቹ ገንዘብ ሲያወጣ፣ ተፎካካሪ ኩባንያ ምሥጢሩን ለዘጋቢዎቹ ይነግራል ወይ? በዚያው ወር አሪንግተን ከቴክክራንች ወጣ።

እንግዲህ ጥቅሞችን በሦስት መክፈል ይጠቅመኛል። የመጀመሪያው ለአዘጋጅ ተነግሮ የሚያበቃ ነው፤ የዕቁብ ጓደኛ፣ የቀድሞ የሥራ ባልደረባ። ሁለተኛው ለአድማጭም የሚነገር ነው፤ የስፖንሰር ግንኙነት፣ በሌላ ወጪ የተደረገ ጉዞ። ሦስተኛው ቢነገርም የማይጸዳ ነው፤ ዘጋቢው በኩባንያው ውስጥ ድርሻ፣ ብድር ወይም የሥራ ተስፋ ካለው ዘገባውን ሌላ ሰው ይሥራው። የሥራ ተስፋ ስል ቀልድ እንዳይመስል። የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ውስጥ ለመቀጠር ማመልከቻ አስገብቶ ያንኑ ድርጅት መዘገብ ከአክሲዮን ይብሳል፤ አክሲዮን ቢያንስ አያስገድድም፣ ቀጣሪ ግን ያነብባል።

ለአድማጭ ሲነገርም በቃል ድሪቶ መሸፈን አያስፈልግም። «ከተለያዩ ተቋማት ጋር የተለያየ ግንኙነት ሊኖረን ይችላል» የሚለው ምንም አልነገረንም። «ይህን ዘገባ ያዘጋጀው ጋዜጠኛ ወደ ዝግጅቱ የሄደው በኩባንያው ወጪ ነው» የሚለው ግን በአምስት ሰከንድ ገደማ ይነበባል። ቦታው ከዘገባው በፊት ነው። ሬዲዮ ላይ መጨረሻ የሚነገረውን ባጃጅ ውስጥ ሆኖ የሚሰማ ሰው ወርዶ ሄዷል።

የቻናል አገናኝ

ብዙ ወጣት ዘጋቢዎች ከጣቢያው ውጭ የራሳቸው ቴሌግራም ወይም ዩቲዩብ አላቸው። እዚያ ላይ «በዚህ አገናኝ ተመዝገቡ» ሲሉ በተመዘገበው ሰው ልክ ኮሚሽን ይቆጠርላቸዋል። ጣቢያው ላይ ስለ መተግበሪያው ጥንቃቄ የተናገረ ሰው ማታ ቻናሉ ላይ ያንኑ መተግበሪያ የሚመለምልበት ጊዜ አለ። ክሪፕቶ በሚባለው ዲጂታል ገንዘብ ላይ ደግሞ ጉዳዩ ይከፋል፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ክሪፕቶን ለክፍያ መጠቀም ሕጋዊ እንዳልሆነ አስጠንቅቋል፣ አገናኙን ያሰራጨው ጋዜጠኛ ግን ተከታዮቹ ቢከስሩም ኮሚሽኑን አስቀድሞ ወስዷል። የግል ቻናልም የጋዜጠኛው ሥራ ነው። ለጣቢያው የሚሠራው ደንብ እዚያም ይሠራል።

የጣቢያውን ባለቤት ጥቅም የራስ አለማድረግ

ዘጋቢው ንጹሕ ሆኖ የሚሠራበት ተቋም ባለቤት ሊኖረው የሚችለውን ጥቅም መዘንጋት ሌላው ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 ዘ ብሎክ የተባለው የክሪፕቶ ዜና ተቋም ዋና ሥራ አስፈጻሚ ማይክል ማካፍሪ ከክሪፕቶ ነጋዴው ሳም ባንክማን ፍሪድ ድርጅት ከአላሜዳ 43 ሚሊዮን ዶላር በብድር መውሰዱ ታወቀ፤ በዚያ ውስጥ ተቋሙ ራሱ የሚንቀሳቀስበት ገንዘብ ነበረበት። ጋዜጠኞቹ ስለ አላሜዳ ሲዘግቡ ይህን አያውቁም ነበር። ሥራ አስፈጻሚው ወረደ፤ የዘጋቢዎቹ የቀድሞ ጽሑፍ ሁሉ ግን እንደገና በጥርጣሬ ተነበበ።

ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ተቃራኒው ሆኖ ነበር። ሌላው የክሪፕቶ ዜና ተቋም ኮይንዴስክ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 2022 የአላሜዳን የሒሳብ ሁኔታ የሚያሳይ ዘገባ አወጣ፤ በቀናት ውስጥ የባንክማን ፍሪድ የክሪፕቶ መገበያያ ኤፍቲኤክስ ተንኮታኮተ። የኮይንዴስክ ባለቤት ያኔ ዲጂታል ከረንሲ ግሩፕ ነበር፤ የዚሁ ባለቤት ሌላ ኩባንያ ጀነሲስ ከውድቀቱ ጋር ተያይዞ በጃንዋሪ 2023 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ዘጋቢዎቹ የራሳቸውን ባለቤት ኪስ ያቃጠለ ዜና አወጡ ማለት ነው። ስለ ጋዜጠኝነት ነጻነት ከሚሰጡ ሥልጠናዎች ሁሉ ይህ ምሳሌ ይበልጥብኛል።

ወደ እኛ ስንመጣ በመንግሥት ጣቢያ የሚሠራ ዘጋቢ ስለ ኢትዮ ቴሌኮም ሲዘግብ ጣቢያውም ኩባንያውም የመንግሥት መሆናቸውን አድማጭ ያውቃል። ማወቁ ግን ጥያቄን አይተካም። ጄፍ ቤዞስ ዋሽንግተን ፖስትን እ.ኤ.አ. በ2013 በ250 ሚሊዮን ዶላር ከገዛ ወዲህ ጋዜጣው ስለ አማዞን ሲጽፍ ባለቤቱ የአማዞን መሥራች መሆኑን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ያስገባል፤ ይህን የማያውቅ አንባቢ አለ ብሎ አይደለም። ታቦር ክፍለ ከተማ ኔትወርክ ሲጠፋ የመንግሥት ጣቢያ ዘጋቢ ለሁለቱም የቴሌኮም ኩባንያዎች ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቃል ቢያቀርብና መልስ የነፈገውን በስሙ ቢጠራ፣ ስለ ባለቤትነት ብዙ ማብራራት አይኖርበትም።

ንጹሕ ለመምሰል መሳደብ

የመጨረሻው ስህተት ስህተቶችን ሁሉ ካነበቡ በኋላ የሚመጣ ነው። የኩባንያውን ፖስታ የመለሰ ዘጋቢ ነጻነቱን ለማሳየት ምርቱን ከሚገባው በላይ ያጣጥላል። አክሲዮን ያላት ዘጋቢ «አድላች እንዳልባል» ብላ ስለ ኩባንያዋ የሚመጣን መልካም ዜና ታስቀራለች። ሁለቱም ጥቅማቸው እየመራቸው ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ተገለበጠ። አድማጩ በዚህኛውም ወገን ትክክለኛውን መረጃ አላገኘም።

ከዚህ የከፋው ደግሞ በቀል ነው። ስፖንሰርነት የጠየቅነው ድርጅት እምቢ ሲል በሚቀጥለው ሳምንት ስለ አገልግሎቱ ጉድለት «ምርመራ» መሥራት በእኛ ሙያ ውስጥ እንዳለ የማያውቅ ነጋዴ በሐዋሳ ያለ አይመስለኝም፤ አንዳንዶቹ ማስታወቂያ የሚሰጡን ወደውን ሳይሆን ፈርተውን ነው። ጉድለቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ከእምቢታው በፊትም ግን ነበር፤ ያኔ ዝም አልነው። አንድን ድርጅት የሚመለከት ጠንካራ ዘገባ የማስታወቂያ ጥያቄ ውድቅ በሆነ ሰሞን ከተዘጋጀ፣ የእምቢታውን ደብዳቤ ከጽሑፉ ጋር አያይዛችሁ ለዋና አዘጋጁ ስጡ፤ ከገንዘቡ ጋር ንክኪ የሌለው ሌላ ዘጋቢ ማስረጃውን እንደገና ያጣራ፤ ዘገባውም በእርሱ ስም ይውጣ።